የባሌን ከፍታ የመረጡ ሰዎች

ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ አገር ያያል። የሮቤና የጎባ የስንዴና የገብስ ማሳ ከኋላው ሲቀር ኮሶውና አስታው ይቀበለዋል፤ ቀጥሎ ጅብራ ብቻውን የቆመበት የሳነቲ አምባ ይዘረጋል፤ ሪራን ካለፈ በኋላ ደግሞ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ጥቅጥቁ የሃረና ደን ውስጥ ይገባል። አምባው ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ሌሊት ውሃው ይረጋል። እንዲህ ባለ ቦታ የጥንት ሰው ለአደን ብቅ ይል ይሆናል እንጂ አይኖርም የሚለው ግምት በሊቃውንቱም ዘንድ ለረጅም ጊዜ የጸና ነበር።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህን ግምት ገለበጠው። በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ ኖረዋል። ወሬው ያኔ በየሬዲዮውና በየጋዜጣው ተነግሯል፤ ብዙ ሰው ግን ያስታወሰው የጥንቶቹ ሰዎች ፍልፈል ይበሉ ነበር የሚለውን ብቻ ነው። እንዴት ታወቀ? ማንስ አወቀው? የዚህ መልስ ሁለት ጅረት አለው። አንዱ የተራራው ታሪክ ነው፤ ሌላው ከባሌ ርቆ፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የተወለደ የአንድ መሣሪያ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1835 እስከ 1922፦ ፍልፈሉና የመጀመሪያው ሚዛን

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ አይቷል። ቀይ ቀበሮን በ1835፣ ግዙፉን ፍልፈል ደግሞ በ1842 በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው እሱ ነው። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ግን የመዝጋቢያቸው ስም ብቻ አይደለም። ዛሬ ከቀይ ቀበሮዎች የሚበዙት የሚኖሩት ባሌ ነው፤ ግዙፉ ፍልፈልም ከባሌ ተራሮች በቀር የትም የለም፤ አንዱ የሌላው ቀለብ ነው።

ይህን ፍልፈል ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እስከ 1 ኪሎ ግራም ግድም የሚመዝን፣ እግረ አጭር፣ ትላልቅ የፊት ጥርሶች ያሉት እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ወደ ጭንቅላቱ አናት የተጠጉ በመሆናቸው ከጉድጓዱ ብዙም ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። አፉ ላይ ብቅ ይልና በአቅራቢያው ያለውን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይስባል፤ አካባቢውን ሲጨርስ ቀዳዳውን በአፈር ደፍኖ ሌላ ይከፍታል። ቀበሮው ይህን ስለሚያውቅ ጆሮውን አቁሞ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። ሥጋ በገዛ እጁ ከጉድጓድ አፍ ላይ የሚመጣበት ቦታ መሆኑን ከቀበሮው ቀድሞ ወይም ተከትሎ የተረዳ ሌላ አዳኝም እንደነበረ ሩፔል ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ጅረት የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ነው። ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1912 እና በ1913 ኒዮን የተባለውን ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል አስሙቶ፣ በማግኔትና በኤሌክትሪክ መስክ መካከል ሲያሳልፈው አንድ የመሰለው ንጥረ ነገር ለሁለት ተከፈለበት፤ አንዱ 20፣ ሌላው 22 የሚመዝን ሆኖ ተገኘ። ረዳቱ የነበረው ፍራንሲስ አስተን በ1919 መሣሪያውን አሻሽሎ ማስ ስፔክትሮግራፍ አደረገው፤ በ1922ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። አሠራሩ አውድማ ላይ እህል ከማንፈስ ጋር ይመሳሰላል፤ ቀላሉ ራቅ ብሎ፣ ከባዱ ቀረብ ብሎ ይወድቃል። እዚህ የሚነፈሱት ግን በኤሌክትሪክ የተሞሉ አተሞች ናቸው፤ ንፋሱም ማግኔት ነው።

ይህ ሚዛን ያኔ ለሥነ ሕይወት ወይም ለታሪክ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። የፊዚክስ ሰዎች ዕቃ ነበር።

ከ1949 እስከ 1977፦ ከሰል፣ የቅጠል ሰምና የበረዶ ግግር

አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ በ1949 የራዲዮካርቦንን የዕድሜ መለኪያ ለዓለም አቀረቡ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የተባለውን ጨረር አመንጪ አተም ይይዛል፤ ከሞተ በኋላ ግን በየ5,730 ዓመቱ ግማሽ ግማሹ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ የምድጃ ከሰል ዕድሜውን ይናገራል ማለት ነው። ይሁንና ከ50 ሺህ ዓመት ግድም በኋላ የሚቀረው አተም ከቁጥር ስለማይገባ መለኪያው ይደክማል። የፊንጫ ሀበራ 47 ሺህ ዓመት ከዚህ ድንበር ጫፍ ላይ መቀመጡን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በድሮው ዘዴ ለአንድ ልኬት ብዙ ግራም ካርቦን ይጠይቅ ነበር፤ በ1977 ግን አተሞቹን በማፋጠኛ አስሮጦ አንድ በአንድ የሚቆጥር አዲስ ዓይነት ማስ ስፔክትሮሜትሪ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ እጅግ ትንሽ የከሰል ቅንጣት በቂ ሆነች።

በእነዚሁ ዓመታት የኬሚስትሪ ሰዎችም ሚዛኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካው ዳው ኬሚካል ኩባንያ ሮላንድ ጎልኬና ፍሬድ ማክላፈርቲ ጋዝ ክሮማቶግራፍን ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር አጣመሩ። ፊተኛው ድብልቁን ይለያል፣ ኋለኛው የተለየውን ይመዝናል። ይህ ጋብቻ ለአፈር ጥናት በር ከፈተ። ጄፍሪ ኢግሊንተን በ1967 ከሪቻርድ ሃሚልተን ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዕፅዋት ቅጠላቸውን የሚለብሱት ሰም እንደየዓይነታቸው የሚለያይ መሆኑን አሳየ። ሰም ቶሎ አይበሰብስም፤ ስለዚህ አፈር ውስጥ ሲገኝ የድሮውን ዕፅዋት ሊመሰክር ይችላል የሚል ተስፋ ተወለደ። ይህ ተስፋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሃረና ተዳፋት ላይ ይፈተናል።

ባሌም በዚህ ጊዜ ጸጥ ብላ አልተቀመጠችም። በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ተራሮቹን ካጠና በኋላ አካባቢው እንዲጠበቅ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1970 ብሔራዊ ፓርኩ ተመሠረተ። በ1977 ደግሞ በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ብሩኖ ሜሰርሊ፣ ሃንስ ሁርኒና ባልደረቦቻቸው ባሌ በኢትዮጵያ ትልቁን የጥንት የበረዶ ግግር የተሸከመ ተራራ እንደነበረ ጻፉ። ዛሬ ከብት የሚግጥበት ሸለቆ አንድ ጊዜ በበረዶ ወንዝ ተፍቆ የወጣ ነው። ይህ ግኝት ግን የሰውን ጥያቄ ከመፍታት ይልቅ አከበደው። ተራራው በበረዶ ተሸፍኖ ከነበረ ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል?

በ1974 ሉሲ ሐዳር ላይ ስትገኝ ደግሞ የዓለም ዓይን ሁሉ ወደ አፋር ዞረ። ይህ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ የቅድመ ታሪክ ጥናት ማለት በቆላ አጥንት መፈለግ ማለት ነው የሚል ልማድ አሳደረብን ብዬ አምናለሁ። ደጋው ከእርሻና ከመንግሥታት ታሪክ በፊት ምንም የሌለው መሰለ።

ከ1980 እስከ 2012፦ ፕሮቲን ሚዛን ላይ ሲወጣ

ሚዛኑ እስከዚህ ድረስ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ ነበር የሚችለው። ፕሮቲን በሺህ የሚቆጠሩ አተሞች ሰንሰለት ስለሆነ ወደ ጋዝነት ለመለወጥ ሲሞቅ ይበጣጠሳል። ይህን እንቅፋት በ1980ዎቹ ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ አለፉት። አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ፌን ፕሮቲን የሟሟበትን ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ደቃቅ ጠብታ በተነው፤ ጠብታው እየደረቀ ሲሄድ ፕሮቲኑ ሳይሰበር ለብቻው ይቀራል። ጃፓናዊው የሺማዙ ኩባንያ መሐንዲስ ኮይቺ ታናካ ደግሞ ፕሮቲኑን ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎ በሌዘር ብርሃን አስነሳው። በ2002 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

የዛሬዎቹ የዩኒቨርሲቲ የፕሮቲን ቤተ ሙከራዎች ሥራ ከዚህ የተቀዳ ነው። አጥንት ቢመጣላቸው ጥቂት ሚሊ ግራም ይፈጩና ማዕድኑን በአሲድ ያሟሙታል። የቀረውን ኮላጅን፣ ማለትም የአጥንት ዋና ፕሮቲን፣ ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ይቆርጡታል። ቁርጥራጮቹ ሲመዘኑ የሚሰጡት የክብደት ዝርዝር ለበግ፣ ለላም፣ ለሰው የተለያየ ነው። በ2009 በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማይክል በክሊ፣ ማቲው ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው ይህን ዘዴ ቅርጹን ላጣ የአጥንት ስባሪ ተጠቀሙበት። እጅና ዓይን የማይለዩትን ሚዛን ለየው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ብሪስቶል ውስጥ ሪቻርድ ኤቨርሸድና ተማሪዎቹ ማንም የማይፎክርበትን ነገር ያጠኑ ነበር፤ ዐይነ ምድርን። በሰው አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ኮሌስትሮልን ወደ ኮፕሮስታኖል ይለውጡታል። ሣር በል እንስሳት ግን ከሚበሉት ተክል የሚያገኙት ስብ ሌላ ስለሆነ ፍጋቸው ውስጥ የሚበዛው ስቲግማስታኖል ነው። የሐሞት አሲዶቹም እንደየእንስሳው ይለያያሉ፤ በሰው ዘንድ ዲኦክሲኮሊክና ሊቶኮሊክ አሲድ ይበዛሉ፣ በአሳማ ደግሞ ሃዮዲኦክሲኮሊክ። እነዚህ ቅባትነት ያላቸው ሞለኪውሎች በውሃ በቀላሉ ስለማይታጠቡ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ከጠፉ በኋላም አፈር ውስጥ ይቆያሉ። በእኔ እምነት ለባሌ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው።

ተራራው ላይ ደግሞ ጥያቄዎች ይከማቹ ነበር። የማርቡርጉ የጂኦግራፊ ምሁር ጌዎርግ ሚኸና ባለቤታቸው ሳቢነ ሚኸ የባሌን የአስታ ደን አጥንተው በ1994 መጽሐፍ አወጡ። ሳነቲ ላይ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚታየው አስታ የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው በእሳት የጨረሰው ደን ቅሬታ? የሚለው ጥያቄ ለዓመታት አብሯቸው ኖረ። በ2005 ሄንሪ ኦስማስተንና ባልደረቦቹ የጥንቱን የበረዶ ግግር አሻራ በዝርዝር ካርታ ላይ አሰፈሩ። በ2007 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መሐመድ ኡመር ከዓለም አቀፍ ባልደረቦቻቸው ጋር 3,950 ሜትር ላይ ካለው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የወጣውን ደለል አጥንተው፣ ወደ 17 ሺህ ዓመት የሚጠጋ የዕፅዋት ታሪክ ከአበባ ዱቄት አነበቡ፤ አስታው በብዛት የተስፋፋው ከ11 ሺህ ዓመት ግድም በፊት መሆኑን አሳዩ። ፕሮፌሰሩ በ2011 አረፉ። ከእሳቸው በኋላ ከመጡት ጥናቶች ብዙዎቹ በዚህ ሥራ ላይ የቆሙ ናቸው።

ሰው በከፍታ እንዴት ይተነፍሳል የሚለውም ጥያቄ ይመረመር ነበር፤ ይህም የፕሮቲን ጥያቄ ነው፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ፕሮቲን ነውና። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን ዝቅ ባለ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በ2012 በባሌ 4,000 ሜትር ግድም ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሲታዩ ግን መጠኑ ከፍ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን በሁለቱ አካባቢዎች ሰው በከፍታ ላይ ከኖረበት ዘመን ርዝመት ጋር አያይዘው ተመልክተውታል።

በዚያው በ2012 ከወላይታ፣ ከዳሞታ ተራራ የመጣ ዜና ነገሩን አቀጣጠለው። ስቲቨን ብራንትና የኮሎኙ አርኪዮሎጂስት ራልፍ ፎግልዛንግ የተካፈሉበት ቡድን፣ 2,200 ሜትር ግድም ላይ ባለው በሞቼና ቦራጎ ዋሻ ሰዎች ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበረ አሳየ። ቆላው በድርቅ ሲመታ ዝናብና ውሃ ያለው ደጋ መሸሸጊያ ሆኖ ይሆን? ጥያቄው እንዲህ ከተቀመጠ መልሱን መፈለግ ያለበት የአፍሪካ ሰፊው ውርጫማ ደጋ በሚገኝበት በባሌ ነው።

ከ2015 በኋላ፦ የዋሻው ወለል

ሁለቱ ጅረቶች የተገናኙት በዚህ ጊዜ ነው። የጀርመን የምርምር ድርጅት ድጋፍ የሰጠው ቡድን ተቋቋመ፤ መነሻውም ተራራው በበረዶው ዘመን ለሰው ስደት ማረፊያ ሆኗል የሚለው መላ ምት ነበር። ማርቡርግ፣ ኮሎኝ፣ ሃለና በርን ዩኒቨርሲቲዎች ገቡበት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቃውንቱ ሰብስቤ ደምሰው፣ ዘሪሁን ወልዱ፣ ታምራት በቀለና ስለሺ ነሞሚሳ፣ ከጥንታዊ ቅርስ ጥናት በኩል አጋዚ ነጋሽና አለምሰገድ በልዳዶስ ተሳተፉ።

የመጀመሪያው ሥራ ጉልበት ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ የአለት ዋሻዎች በእግርና በፈረስ እየተዞሩ ታዩ። ብዙዎቹ ዛሬም ያገለግላሉ፤ ጎዳንቱ በሚባለው የወቅት ዝውውር ከብቱን ወደ ከፍታ የሚያወጣ እረኛ ያድርባቸዋል፣ እሳት ያነድባቸዋል፣ ከብትም ይጠለልባቸዋል። ከሁሉም መካከል በዌብ ሸለቆ በኩል ያለው ፊንጫ ሀበራ ተመርጦ ተቆፈረ።

ከላይ ያለው ድርብርብ የፍግና የአመድ ነው። ከሥሩ ሲደረስ የድንጋይ መሣሪያ፣ የመሣሪያ ፍቅፋቂ፣ የምድጃ ከሰልና የአጥንት ስባሪ ወጣ። አጥንቶቹን የመረመረችው የፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባለሙያ ጆሴፊን ለሱር ነበረች፤ ከመካከላቸው እጅግ የሚበዙት የግዙፉ ፍልፈል ሆነው ተገኙ፤ ብዙዎቹም የእሳት ጠባሳ ነበረባቸው። መሣሪያው የተሠራው ኦብሲዲያን ከተባለው ጥቁር ባልጩት ነው። የዩታ ዩኒቨርሲቲዋ ባርባራ ናሽ ኬሚካዊ ቅንብሩን ስታይ ከተራራው የራሱ ድንጋይ ጋር ገጠመ፤ የተፈለጠበት ቦታ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ማለት ከዋሻው ወጥተው፣ ሽቅብ ከ700 ሜትር በላይ ተጉዘው፣ በረዶው አጠገብ ድረስ ሄደው ድንጋይ ያመጡ ነበር።

አጥንትና ድንጋይ ግን አንድ ጥርጣሬ ይተዋሉ። አዳኞች ለአንድ ሌሊት አርፈው፣ ጠብሰው በልተው ሄደው እንደሆነስ? ዋሻው መኖሪያ መሆኑን ለማወቅ አፈሩን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሃለው ማርቲን ሉተር ዩኒቨርሲቲ የአፈር ባዮጂኦኬሚስትሪ ክፍል ገባ። ኃላፊው ብሩኖ ግላዘር ቀደም ሲል የአማዞንን ጥቁር አፈር አጥንተው፣ ያ ለም መሬት የጥንት ሰዎች የእጅ ሥራ መሆኑን በማስረዳት የታወቁ ናቸው። አፈር የሰውን ኑሮ ይመዘግባል የሚለውን ልምድ ይዘው ወደ ባሌ መጡ።

በእንዲህ ያለው ሥራ አንድ ከረጢት አፈር የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው። ከየድርብርቡ ተለይቶ የተወሰደው አፈር ይደርቃል፣ ይነፋል። ከዚያ ቅባትን በሚያሟሟ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል፤ የወጣው ቅባት በአልካሊ ይበረዝና የሐሞት አሲዶቹ ስቴሮል ከሚባሉት ከእነ ኮሌስትሮል ይለያሉ። ሞለኪውሎቹ በቀላሉ እንዲተንኑ ሌላ ኬሚካል ይለጠፍባቸዋል። ከዚህ በኋላ አንድ ማይክሮ ሊትር ግድም የምትሆን ጠብታ በመርፌ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፉ ትገባለች። መሣሪያው ውስጥ ብዙውን ጊዜ 30 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ጥቅልል ቱቦ አለ። ሂሊየም ሞለኪውሎቹን በዚያ ውስጥ ሲነዳቸው አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ከቱቦው ጫፍ እንደወጡ በ70 ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል የሚወረወሩ ኤሌክትሮኖች ይመቷቸዋል፤ ይሰባበራሉ፤ ስባሪዎቹ ይመዘናሉ። ኮሌስትሮል 386፣ ኮፕሮስታኖል 388 ይመዝናሉ፤ ልዩነታቸው የሁለት ሃይድሮጅን አተም ብቻ ነው። የሰው አንጀት ውስጥ የተጨመሩት እነዚያ ሁለት አተሞች ከአርባ ሺህ ዓመት በኋላ ወረቀት ላይ እንደ ሹል ጫፍ ብቅ ይላሉ።

የፊንጫ ሀበራ አፈር መልስ ሰጠ። በዋሻው ውስጥ ሰው መኖሩን የሚመሰክሩ የዐይነ ምድር ምልክቶች ተገኙ። ከብዙ ሺህ ዓመታት ክፍተት በኋላ በተጠራቀመው የላይኛው ክፍል ደግሞ የሣር በል እንስሳት ፍግ ይታያል፤ ዋሻው ከአዳኝ ወደ እረኛ መተላለፉን አፈሩ በራሱ ጽፎታል። የምድጃው ከሰል ዕድሜ በራዲዮካርቦን ተለካ።

2019፦ ሁለት ከፍታዎች በአንድ ዓመት

በግንቦት መጀመሪያ ኔቸር መጽሔት ከቲቤት አምባ የመጣ አስገራሚ ዜና አወጣ። በ1980 አንድ መነኩሴ 3,280 ሜትር ላይ ከሚገኘው ከባይሺያ ዋሻ የመንጋጋ አጥንት አግኝቶ ነበር። ዕድሜው ቢያንስ 160 ሺህ ዓመት ነው። ዲኤንኤ አልተረፈበትም፤ ከጥርሱ ውስጥ ግን የኮላጅን ፕሮቲን ተገኘ። ፍሪዶ ቬልከር ሲመዝነው ዴኒሶቫን ከተባሉት የጠፉ ሰዎች ወገን መሆኑ ታወቀ። ጥንታዊ ሰው በፕሮቲን ብቻ ሲለይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከሦስት ወር ግድም በኋላ የባሌ ተራ መጣ። በኮሎኙ ጎትዝ ኦሰንዶርፍ መሪነት የተጻፈው ጽሑፍ ቃሉን በጥንቃቄ ነው የመረጠው። ቲቤት ውስጥ ሰው ከፍታ ላይ መድረሱ ታውቋል፤ ባሌ ውስጥ ግን የታወቀው መኖሩ ነው። ምን እንደበላ፣ የት እንዳነደደ፣ ድንጋዩን ከየት እንዳመጣ፣ የት እንደተጸዳዳ ሁሉ አብሮ ተገኝቷል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዓለም ላይ በከፍታ የሰው መኖሪያ ሆኖ ከተመዘገበው ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነበር። የማስረጃው ዋና ክፍልም የሰው አጥንት አልነበረም።

ምክንያቱም አብሮ ተነገረ። የበረዶው ግግር ከዋሻው በላይ ነበር፤ ከእሱ የሚቀልጥ ውሃ አለ። ከበረዶው በታች ያለው ሣር ፍልፈል የሞላበት ነው፤ ፍልፈሉም ዓመቱን ሙሉ የማይሰደድ ሥጋ ነው። ባልጩቱም ቅርብ ነው። ቆላው ሲደርቅ ሰው ወደ ብርዱ የወጣው ተገዶ ብቻ ሳይሆን አስልቶም ይመስላል። እነዚያን ሰዎች ምስኪን ስደተኛ አድርጎ ማሰብ አይዋጥልኝም፤ አገሩን አጥንተው የመረጡ ናቸው።

ከ2019 ወዲህ፦ ቅጠል፣ ድንጋይና ደለል

የበረዶው ዕድሜ እስከዚህ ድረስ በግምት ነበር። የበርኑ አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ ግግሩ ተሸክሞ ካራገፋቸው ቋጥኞች ናሙና ወሰዱ። ድንጋይ ከበረዶ ሥር ወጥቶ ለሰማይ ሲጋለጥ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ገጹ ላይ ክሎሪን 36 የተባለ አተም ያጠራቅምበታል። ይህን አተም ያው በ1977 የተወለደው ቆጣሪ ይቆጥረዋል። በ2021 በወጣው ውጤት የባሌ በረዶ ሰፊ የነበረው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ሆኖ ተገኘ፤ የዋሻው ነዋሪዎች ዘመን ማለት ነው። ሰውና በረዶ በአንድ ጊዜ በአንድ ተራራ ኖረዋል። በዚያው ዓመት ሳነቲ ላይ በመስመር የተደረደሩት ግዙፍ የድንጋይ ረድፎች ተጠንተው፣ አንዳንዱ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድርድር በብርድ ዘመን መሬቱ ሲረጋና ሲፈታ የተሠራ መሆኑ ተገለጸ።

የሃረና ተዳፋት ፈተናም በዚህ ጊዜ ነው። ብሩክ ለማና ቤተልሔም መኮንን በሃለ ቤተ ሙከራ ከግላዘር ቡድን ጋር ሆነው፣ ከሰሜን ምሥራቁ ተዳፋት ጀምሮ ሳነቲን አቋርጦ እስከ ሃረና በሚወርደው መስመር የተሰበሰበውን ቅጠልና አፈር መረመሩ። በ2019 ያወጧቸው ሁለት ተከታታይ ጽሑፎች ያሳዩት ነገር ትዕግሥትን ይጠይቃል። አስታ በቅጠልነቱ ከኮሶ፣ ከጅብራና ከሌሎቹ በኬሚካዊ አሻራው ይለያል፤ በተለይ ሲናሚል የተባሉት የሊግኒን ስባሪዎች ይበዙበታል። ያው ቅጠል ወድቆ ሲበሰብስ ግን አሻራው ይደበዝዛል፤ አፈሩ ውስጥ ልዩነቱ እንደ ቅጠሉ ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ሳነቲ አንድ ጊዜ በአስታ ደን ተሸፍኖ ነበር ብሎ ከአፈር ብቻ መፍረድ አይቻልም። የሚኸ የዓመታት ጥያቄ በሰም ብቻ አልተፈታም። እንዲህ ያለውን ውጤት ሳይሸፍኑ ማሳተም ትልቅ ሥራ ነው፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የቱ መንገድ እንደሚያሳስት ያውቃል።

ከጋርባ ጉራቻ በተወሰደ አዲስ ደለል ደግሞ ግራሲየላ ኺል ሮሜራና ባልደረቦቿ የ14 ሺህ ዓመት የእሳት ታሪክ አነበቡ፤ አስታ ቢቃጠልም ከሥሩ እያቆጠቆጠ መመለሱ የቆየ ጠባዩ መሆኑ ታየ። ቤተልሔም መኮንን በ2022 ከሳነቲ የሐይቅ ደለል የ18 ሺህ ዓመት የአየር ንብረት፣ የዕፅዋትና የእሳት መዝገብ አቅርባለች። በ2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የፕሮቲን ሚዛንም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እየቀረበ ነው። በ2021 የታተመ ጥናት ከሱዳንና ከኬንያ በተገኙ የጥንት ሰዎች ጥርስ ላይ ከደረቀ ቆሻሻ የወተት ፕሮቲን አወጣ፤ ጥንታዊው 6 ሺህ ዓመት ግድም ነው። በ2025 ደግሞ ከኬንያ ቱርካና ሞቃት ምድር፣ እስከ 18 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካላቸው የእንስሳት ጥርሶች ኢናሜል ፕሮቲን መውጣቱ ተዘገበ። በዚያ ሙቀት ከተረፈ በባሌ ብርድ ውስጥ የቀሩት የአጥንት ስባሪዎችና ጥርሶች ብዙ ሊናገሩ ይችላሉ።

እስካሁን ከዋሻው የወጣው አፈርና ድንጋይ የተመዘነው በዋናነት ሃለና ዩታ ነው። የማዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሮቤ ላይ፣ ከሳነቲ በመኪና ብዙም በማይርቅ ቦታ ይገኛል። በመቶዎች ከሚቆጠሩት ዋሻዎች በዚህ ጥልቀት ተቆፍሮ የተነበበው አንድ ነው፤ የሌሎቹ ወለል በየክረምቱ በእሳትና በከብት ኮቴ እየታመሰ ነው። ሮቤ ላይ የሚማር ወጣት አፈሩን ከዋሻው አውጥቶ፣ እዚያው አድርቆና ነፍቶ፣ የኮፕሮስታኖሉን ጫፍ በገዛ ዓይኑ እንዲያነብ ማድረግ የሚቻል ነገር ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፍ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር የተጣመረበት መሣሪያ ለፀረ ተባይ ኬሚካልና ለቡና ጥራት ምርመራም የሚውል ነው፤ የሃረናን የጫካ ቡናና የሮቤን ስንዴ ለሚያመርት አካባቢ ከዋሻው ውጪም ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።